በሰው ገንዘብ የተከደነ ጣራ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ባለፈው ፋሲካ ቤት ሙሉ ተሰብስበው ሳለ፣ የልጅ ልጄ የሥራ ጓደኛ ያልሠራበት ገንዘብ በስሕተት ከባንክ እንደ ገባለት፣ ፍሪጅ እንደ ገዛበት፣ አሁን ደግሞ መልስ ተብሎ እንቅልፍ እንዳጣ አነሡ። አንዱ «ጥፋተኛው ባንኩ ነው፤ የራሱን ገንዘብ ያልጠበቀ ማንን ሊወቅስ ነው?» አለ። ሌላዋ «ያልሠራበትን እያወቀ የበላ ሌባ ነው» አለች። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ። እኔ ስሰማ ቆይቼ «ይህ እኮ በኛም ላይ ደርሷል» ብል ሳቁብኝ።

«እምዬ፣ እናንተ ደግሞ ባንክን የት አውቃችሁት?»

እውነታቸውን ነው፤ አላወቅነውም። ችግሩም ከዚያ ጀመረ መሰለኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። የምጽፈው እንደማወራው ነውና መንገድ ብስት ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ሁለት ልጅ ሳለኝ። የምንኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ባለ አገር ነበር። ባለቤቴ ያጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ነበር። የደብሩን ንብረት ይጠብቃል፤ ጧፍ ሲጎድል፣ ዘቢብ ሲያልቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። ደሞዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን አያጣም። ከልጅነቱ ድቁና ስላለው ዳዊት ይደግማል፣ ስሙንም ይጽፋል። ሀብታችን ጥንድ በሬ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቦቃ። ላምም ነበረችን፤ ግን ያች ላም ከምትታለብበት የምትራገጥበት ይበልጥ ነበርና ሀብት ብዬ አልቆጥራትም።

ቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። ሴቶች በምንቆምበት በኩል ማፍሰሱን ለምደነዋል፤ ነጠላችንን እንደርባለን። መቅደሱ ላይ ማፍሰሱ ግን ሰውን ሁሉ ያሳዝን ነበር። ስለዚህ ያጥቢያው ሰው በርበሬ ሲሸጥ ለቆርቆሮ እያለ ያዋጣል። ገንዘቡ መጀመሪያ በዕቃ ቤት ሣጥን ውስጥ ነበር። ጎረቤት ደብር ሌባ ገብቶ መስቀል ሳይቀር ከወሰደ ወዲያ ግን ሰው ፈራ። ያን ጊዜ ቡሬ ላይ፣ ለበርበሬው ገበያ ሲባል ነው መሰለኝ፣ ባንክ የሚሉት ተከፍቶ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሹም አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ገንዘቡ እዚያ ይቀመጥ ተባለ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ሣጥኑስ እሺ፣ በዓይናችን እናየው ነበር። አሁን ሌባው ቢመጣ የት ብለን ነው የምናሳየው?» ብላ ማኅበሩን አሳቀችው።

በቅበላ ሰሞን ባለቤቴ ገንዘቡን ሊያወጣ ከመሪጌታ ጋር ቡሬ ወረደ። መሪጌታ የቅኔ መምህራችን ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ያለን ገንዘብ ለግማሽ ጣራ ይበቃል፤ መቅደሱን በቆርቆሮ እንከድናለን፣ የቀረው በሣር ይቆያል፣ ለሱ ደግሞ እግዜር ያውቃል።

የባንኩ መስኮት የበርበሬ ነጋዴ ተጋፍቶበት ነበር አሉ። ገንዘቡ ራሱ በርበሬ በርበሬ እያለ፣ ጸሐፊው እየቆጠረ ያስነጥሳል፣ እያስነጠሰ ይቆጥራል። ተራቸው ሲደርስ ያወጣላቸው ገንዘብ ካሰቡት በእጥፍ የሚበልጥ ሆነ።

ባለቤቴ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ የኛ ነው?» አለው።

«በደብሩ ስም ያለው ይኸው ነው ጋሼ። እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለው ጸሐፊው። ፈረመ።

መንገድ ላይ መሪጌታ «ስውር እጅ ነው» አሉ።

ይህን ላልተወለደበት ማስረዳት አለብኝ። በኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን በስውር የሚሰጥ ሰው አለ። ማታ የደጀ ሰላሙን በር ሲዘጉ ያልነበረ ጃንጥላ ጧት ተደግፎ ይገኛል። ማን አመጣው ተብሎ አይጠየቅም። የሰጪውን ስም የፈለገ ዋጋውን አስቀረበት ይባላል፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። ቡሬ ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ያደርጋል እየተባለ የሚታማ። ለበጎ ነገርም ይታማል አይደል ሰው። እና መሪጌታ «አንድ ጊዜ ጠይቀሃል፤ የጠባቂነትህን አድርገሃል። ሁለተኛ ከጠየቅህ ግን ሰጪውን ማደንህ ነው» አሉት። ሁለተኛ አልጠየቀም።

ሰው ሲሰማ የሆነውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እኔም ደስ አለኝ፤ የሴቶቹም ወገን ሊከደን ነው። ጾሙን ሙሉ ገንዘቡ ዕቃ ቤት ተቀመጠ፤ የጾመ ሰው ጣራ ላይ አይወጣም፣ ቆርቆሮውም ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከፋሲካ በኋላ ቆርቆሮው በመኪና እስከ አውራው መንገድ መጣ። ከዚያ ወዲህ በሰው ትከሻ ነው። በፀሐይ ሲብለጨለጭ ከብቱ ሁሉ ደንብሮ በረረ፤ እረኞቹ ሲሳደቡ እኛ እልል እንላለን። አጠገባችን ያለው ጎረቤታችን፣ አንድ በሬ ብቻ የነበረው ሰው፣ ከፊት ሆኖ እያዜመ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ተሸከመ። ግንቦት ሳያልቅ ጣራው ሞላ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድበት ቅዳሴው እስከማይሰማ ድረስ ጮኸ፤ ቄሱም ቆም ብለው ፈገግ አሉ።

ሰኔ እንደ ገባ የባንኩ ጸሐፊ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሶ ነው የደረሰው። እሳት ዳር አስቀመጥሁት። ቆሎ ሰጠሁት፤ ይዞት ቀረ እንጂ አልበላውም።

«ጋሼ፣ ስለ ገንዘቡ ነው የመጣሁ» አለ። «የትርፉ ገንዘብ ባለቤት…»

ባለቤቴ እጁን አነሣበት። «ተው ልጄ፣ ስሙን አትንገረኝ። ዋጋውን ታሳጣዋለህ።»

«አልገባዎትም ጋሼ። ሰጪ የለውም። የዚያ የታወቀው የበርበሬ ነጋዴ ገንዘብ ነው፤ በገበያ ቀን ሲያስቀምጥ እኔ በእናንተ ደብር ስም ጻፍሁት። እሱ ለማንም አልሰጠም።»

ባለቤቴ «ለማንም?» አለ።

«ለማንም።»

ባንኩ የነጋዴውን ገንዘብ ከራሱ ከፍሎታል። ነጋዴውም «እኔ ካንድ ደብር ጋር ነገር የለኝም፤ ያስቀመጥሁት እናንተ ዘንድ ነው» ብሎ ተቀብሎ ሄዷል። አሁን ባንኩ የሚጠይቀው ጸሐፊውን ነው። ሐምሌ ሳይገባ ካልሞላ ይታሰራል።

እኔ ከጓዳ ሆኜ «የፈረመውን ሰውስ ምን ያደርጉታል?» አልሁ።

መሬት መሬት እያየ «ቀጥሎ እሱን ይጠሩታል እትዬ። ካልከፈለ ንብረቱን በሐራጅ ይሸጣሉ» አለ።

ንብረታችን በረት ውስጥ ሆኖ ያመሰኳ ነበር። እርሻው ሰኔ ነው፤ በሰኔ በሬ ያጣ ሰው ዓመቱን አጣ ማለት ነው። ሁለቱ ልጆቼ እሳቱ ማዶ ተኝተዋል። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ እሱም ቆሎዬን እንደ ጨበጠ ቁጭ ብሏል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያጥቢያው ሰው በደጀ ሰላም ተሰበሰበ። ጸሐፊውም ተጠርቶ መጣ። ነገሩ ሲነገር ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ።

«ባንክ ተምሮ፣ መነጥር አድርጎ ያልቻለውን ቁጥር እኛ ባላገሮቹ ልንችለው ኖሯል?»

«የተሳሳተ ይክፈል። ጅብ ቤት ሥጋ ያስቀመጠ ጅቡን አይከስም።»

«ጅቡ ማነው፤ እኛ ነን?» አለች ያቺ አሮጊት። «እንዲያው ለነገሩ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ቆርቆሮውን እናውርድላቸውና ይውሰዱት» አለ አንድ ጎረምሳ።

ቄሱ ተቆጡ። «ለታቦት የገባ አይወጣም። ደግሞስ የቱን ታወርዳለህ? የነጋዴው ቆርቆሮ የቱ ነው፣ የኛስ የቱ? ለይና አሳየኝ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሰው ዞረ። አንድ በሬ ያለው ጎረቤታችን ተነሣና «እኔ ገንዘቡን አላየሁ፣ አልቆጠርሁ፣ አልፈረምሁ። ጠባቂ ለምን ተሾመ? ትርፍ ገንዘብ ሲያይ ለምን አልጠየቀም?» አለ። ብዙ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

ያን ጊዜ ጸሐፊው ተነሣ። ማንም ተናገር አላለውም። «ጠይቀውኛል» አለ። «ይህ ሁሉ የኛ ነው ወይ ብለውኛል። እኔ ነኝ ቀና ብዬ ሳላይ አዎ ያልሁ። ገበያው አስቸኩሎኝ ነው።»

ልቤ ረጋ። በቃ፣ ዳንን አልሁ። ራሱ መሰከረ፤ በሬዎቼ በረታቸው ውስጥ ሊያድሩ ነው። ባለቤቴ ዝም ቢል ኖሮ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ተነሣ።

«አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ጥፋቱን ሁሉ በሱ ላይ አታድርጉ።»

ዓይኔን ጨፈንሁ። ሰው «ሁለተኛ አትጠይቅ ያሉት መሪጌታ ናቸው» ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ የነገርሁት ብዙ ሰው ነበርና። ማንም አላለም። መሪጌታ ግን ተነሡና ስለ ዝናብና ስለ ጣራ፣ ስለ ሰጪና ስለ ነሺ አንድ ቅኔ ዘረፉ። ሕዝቡ «ይበል፣ ይበል» አለ። ማንን እንደ ወቀሱበት እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ከዚያ ዝናብ መጣና ጣራው መጮህ ጀመረ፤ መነጋገር አልተቻለም፤ ሁላችንም ሥሩ ተጠልለን እያንጋጠጥን አየነው።

ሲያባራ ሽማግሌዎች ፈረዱ። ገንዘቡ ከሦስት ይከፈል፤ አንዱን እጅ ጸሐፊው፣ አንዱን እጅ ያጥቢያው ሰው፣ አንዱን እጅ ገበዙ ይክፈል። መልካም ፍርድ ነው ተባለ። ያጥቢያው ሰው እጅ ግን ሳይሞላ ቀረ። አንዱ ዶሮ አመጣ፤ አንዱ ሳንቲም በጨርቅ ቋጥሮ አመጣ፤ የቀረው ቤቱ ውስጥ ሆኖ የለም አስባለ። እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞርሁ። ጎረቤታችን «እኔ አልፈረምሁ ብያለሁ» አለኝ።

«አልፈረምህም» አልሁት። «ስታዜም ግን ድምፅህ ከኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ዜማ ይከፈልበታል እንዴ?»

«ዘንድሮ ሳይከፈልበት አይቀርም።»

ሳቀ፤ ግን አልሰጠኝም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንድ በሬ ያለው ሰው የሚፈራው ብዙ ነው።

ባለቤቴ ቀዩን በሬ ሊሸጥ ሲነሣ የበረቱን በር ይዤ ቆምሁ። «አንተ አልበላኸው» አልሁት። «ጣራው ቤትህ ላይ ነው ወይ? ልጆችህ ላይ ነው ወይ? ሁሉም የተጠለለበትን አንተ ብቻ ለምን ትከፍላለህ?»

አልተቆጣኝም። የበሬውን አንገት እያሻሸ ቆየ። «ያን ዕለት መስኮቱ ላይ ልቤ ሁለተኛ ጠይቅ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ከመሪጌታ ምክር በፊት ነው። ፈራሁ። ከጠየቅሁ ይወስዱብናል ብዬ ፈራሁ። የሚወሰድብኝ ነገር የኔ አለመሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር ማለት አይደል?»

ደስታ ሲመጣ ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ከበሩ ገለል አልሁለት።

ቀዩ በሬ ቡሬ ገበያ ወጣ። የኛን ድርሻና ያጥቢያውን ጉድለት ሸፈነ። ጸሐፊውም የራሱን ከየትም ከየትም ብሎ ሞላ፤ አልታሰረም። ወደ ሌላ አገር ተዛወረ ሲሉ ሰማን። ቦቃው ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረ በሬ ከሌላ ሰው በሬ ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን ላንተ፣ አንድ ቀን ለኔ እየተባለ ይታረሳል። ባለ አንድ በሬ ደግሞ ያው ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ ባለቤቴና የወቀሰው ሰው አንድ ቀንበር ጠምደው አረሱ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከበሬዎቹ በቀር ማንንም አላናገሩም። ኋላ በሬዎቹን ሲሳደቡ መሳሳቅ ጀመሩ። ጤፉ ግን ዘግይቶ ተዘራ፤ ዓመቱ ጥሩ አልነበረም። ትልቁ ልጄ ያን ዓመት ከሳ፤ ገላውን ሳጥበው የጎኑን አጥንት በጣቴ እቆጥር ነበር። ይህን ለሱ ነግሬው አላውቅም።

ባለቤቴ ገበዝነቱን ተወ። ሰው ለመነው፤ እምቢ አለ። ይህስ ይሁን፤ የከፋኝ ሌላው ነው። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልገባም። ያስቀድሳል፣ ይጾማል፣ ግን ደጅ ቆሞ ነው፣ ቅጥሩ ዳር ካለችው ወይራ ሥር። ቄሱ «ግባ እንጂ፣ ማን ከለከለህ?» ቢሉት «እዚህም ይሰማኛል አባ» ይላል። ክረምት ሲሆን በጋቢው ላይ ይወርድበታል። እኔ ውስጥ፣ በደረቁ ቦታ ሆኜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እሰማለሁ፤ እሱ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ ወጥቼ አጠገቡ ልቁም አልሁ። አንድ ጊዜ ትንሹን ልጄን አዝዬ ወጣሁ፤ «ግቢ፣ ልጁ ይበርደዋል» አለኝ፤ ገባሁ። እስኪሞት እንዲሁ ነበር። ሲሞት ብቻ ነው ያስገቡት፤ ያን ጊዜ እምቢ ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ ስደርስ ልጆቹ «እና ጥፋተኛው ማን ነበር?» አሉኝ። እኔም ለብዙ ዓመት ስመዝነው ኖሬያለሁ። የቸኮለው ልጅ ነው እላለሁ፤ ቆሎውን እንደ ጨበጠ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። መሪጌታ ናቸው እላለሁ፤ ደግሞ እሳቸው ያሉት ሕጋችንን ነው። ያጥቢያው ሰው ነው እላለሁ፤ እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ዞሮ ዞሮ ባለቤቴ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ራሱ ስላነሣው ይሆናል።

ባለቤቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ እኔም እግሬን አሞኝ በየጠበሉ በምዞርበት ጊዜ፣ ግሽ ዓባይ ሄጄ ሰነበትሁ። ማረፊያው ላይ አጠገቤ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቡሬ ነው ያደግሁት አለችኝ። ስናወራ ስናወራ ወንድሟ ድሮ እዚያ ባንክ ጸሐፊ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ማን እንደሆንሁ አልነገርኋትም። ሞቷል አለች። በአንድ የገጠር ደብር ገንዘብ ስሕተት የተበደረውን ሲከፍል ዕድሜው አለቀ፣ ትዳር እንኳ የያዘው ዘግይቶ ነው አለች።

«መቼም ሲሳሳት አላወቀው» አልኋት።

«አውቆታል እንጂ» አለችኝ። «ገንዘቡን የከፈላቸው ዕለት ማታ ነው ያወቀው። ሮጦ ለሹሙ ነገረው፤ ሌሊቱን ሄጄ ላምጣ አለ። ሹሙ ነው ተቆጣጣሪ ሊመጣብን ነውና ዝም በል፣ ባላገር ገንዘብ ቶሎ አያጠፋም፣ ከፋሲካ በኋላ እንጠይቃቸዋለን ብሎ የከለከለው።»

ገንዘቡ ጾሙን ሙሉ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ እንደ ነበር አልነገርኋትም።